አራተኛው እግር

ሥራው የጠረጴዛ እግር መሥራት ነው። ጠረጴዛ አይደለም፣ እግሩን ብቻ። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔም መጀመሪያ ሰሞን ስቄያለሁ። ግን አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ወፍራም እንጨት ከላይ እንዳለ እየተወ ከታች እያቀጠነ እግር ብቻ ሲሠራ የኖረ ሰው አለ ብል እመኑኝ። ስሙን የሚጠራው የለም። ትልቁም ትንሹም «ባለ እግሩ» ነው የሚለው። እኔ ጋሼ እለዋለሁ።

እኔ ደግሞ ቀቢዋ ነኝ። ጠረጴዛው፣ ወንበሩ፣ ቁም ሳጥኑ ሁሉ መጨረሻው እኔ ጋ ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት አሻለሁ፣ ቫርኒሽ እቀባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ እንደገና አሻለሁ። እዚህ ሥራ ከገባሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሽታው ሰው እንዳይረብሽ ተብሎ ቦታዬ ከአዳራሹ መጨረሻ፣ ከጆንያ መጋረጃ ኋላ ነው። መጋረጃው ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው ደግሞ ልክ የባለ እግሩን የሥራ ጠረጴዛ ያሳያል። ስለዚህ እሱን የሚያውቅ ሰው ካለ እኔ ነኝ። ሚስቱ ካረፈች ቆይቷል፤ የሚኖረው ሴት ልጁ ቤት፣ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ተጨናንቆ ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ እግር ትንሽ ልንገራችሁ። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው እግሩን አያይም። በር ከፍቶ የሚገባ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፤ ያውም ሁለት ጎኑን ባንድ ጊዜ። ዛፍ ሲቆረጥ ጫፉ ላይ ቀለበት በቀለበት ሆኖ ይታያል አይደል? እነዚያ ቀለበቶች ተጋድመው ከወጡ፣ የእግሩ አንዱ ጎን ቀጥ ቀጥ ያለ መስመር ያወጣል፣ ቀጥሎ ያለው ጎን ደግሞ የተንቦራጨቀ ውሃ የመሰለ ዝንጉርጉር። አንድ እግር ሆኖ ከሁለት ዛፍ የተለቃቀመ ይመስላል። ባለ እግሩ እንዲህ ያለውን ሲያይ ያመዋል። እሱ እንጨቱን አጣሞ ነው የሚቆርጠው፤ ቀለበቶቹ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን እንዲሮጡ አድርጎ። ያኔ አራቱም ጎን አንድ ዓይነት ይሆናል፣ ከላይ እስከ ታች እንደተበጠረ ጸጉር። ብዙ እንጨት ይባክናል። የድሮው አለቃ ነፍሱን ይማረውና «ይባክን» ይል ነበር።

ከዚያ ማቅጠኑ አለ። የሚቀጥኑት ወደ ጠረጴዛው ውስጥ የሚዞሩት ሁለት ጎኖች ብቻ ናቸው፤ ወደ ውጭ የሚታዩት ሁለቱ ቀጥ ብለው ይቀራሉ። ሁለቱ የሚታዩ ጎኖች የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ፣ ከእግሩ አናት፣ በእርሳስ ትንሽ ክብ ያደርጋል። ያቺ ክብ «በዚህ በኩል እንዳትነኩኝ» ማለት ናት። ጠረጴዛው ሲገጣጠም ትሸፈናለች፣ ከኛ በቀር ማንም አያያትም።

ታዲያ አምስት ዓመት ተኩል ገደማ ይሆናል፣ ድንገት ይጠራኝ ጀመር። «ነይ እስቲ ይህን እዪልኝ፤ ቀለበቱ ወዴት ነው የሚሮጠው?» ይለኛል። እጄ በቫርኒሽ ተለውሶ፣ ወገቤ ሊቆረጥ ደርሶ፣ እሱ ሊያስተምረኝ ያምረዋል። እያጉረመረምኩ እሄዳለሁ። «ከማዕዘን ወደ ማዕዘን» እለዋለሁ። «ጎበዝ» ይለኛል። ሌላ ቀን «ክቧ የት ጋ ናት?» ይላል፤ አሳየዋለሁ፤ አሁንም «ጎበዝ»። በአምሳ ዓመቴ ጎበዝ መባል ምን ያደርግልኛል? «ጋሼ፣ ተማሪ ካማረህ ትምህርት ቤት ሂድ» ብዬዋለሁ። ሳቅ ብሎ ወደ እንጨቱ ይመለሳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በቀዳዳዬ ሳየው እርሳሱን ይፈልጋል። ቀይ እርሳስ ነው፤ ነጭ እንጨት ላይ፣ ከአፍንጫው ሥር ተጋድሟል። እሱ ግን ጠረጴዛውን በመዳፉ ይዳብሳል፤ ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳይነቃበት፣ ሰጋቱራ የሚጠርግ መስሎ። ያ ሁሉ «እዪልኝ»፣ ያ ሁሉ «የት ጋ ናት» አንድ በአንድ መጣብኝ። ለካ አያስተምረኝም ነበር። በኔ ዓይን ነበር የሚሠራው።

እውነቱን ልናገርና አላዘንኩለትም። በገንኩ። አራት ዓመት ሙሉ ዓይኔን ሳይጠይቀኝ ሲገለገልበት፣ እኔ ደግሞ እንደ ጅል «ጎበዝ» እየተባልኩ ስመላለስ ታየኝ። በማግስቱ ሲጠራኝ የያዘው እንጨት ቀለበቱ ተጋድሞ የወጣ ነው፤ ሕፃን እንኳ ያየዋል። ልፈትነው ብዬ «ከማዕዘን ወደ ማዕዘን» አልኩት። «ጎበዝ» አለኝ። መጋረጃዬ ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። የረታሁት መስሎኝ ነበር፤ ግን ብሩሼን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ እንጨቱን ታቅፎ መጣ። መላጊያውን ሁለት ሦስቴ ሲያስኬድበት እጁ ነግሮታል። የቀኝ አውራ ጣቱን ጥፍር ሆን ብሎ ያሳድገዋል፤ ያ ጥፍር እንጨት ላይ ሲሄድ ጸጉር የምታህል ነገር አታመልጠውም። «ይቺስ የተጋደመች ናት» አለኝ ቀስ ብሎ። «ደክሞሽ ነበር መሰለኝ።» እንጨቱን እንደታቀፈ ተመለሰ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደማውቅበት አወቀ፤ እኔም ማወቁን አወቅሁ፤ ካንዳችንም አፍ ግን አልወጣም። ሲጠራኝ ሳላጉረመርም እሄድ ጀመር። እሺ፣ እያጉረመረምኩም ቢሆን እሄድ ጀመር።

ለምን እንደሚደብቅ ገብቶኛል። ሴት ልጁ ቤት መስኮት ሥር አንድ ወንበር አለች። «እዚያች ወንበር ላይ የዋልኩ ቀን አበቃልኝ» ይል ነበር፣ ሥራ በቀዘቀዘ ጊዜ እንኳ ጠረጴዛውን እየወለወለ።

አሁን አለቃችን የድሮው አለቃ ልጅ ነው። ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል፣ ግን በሕፃንነቱ ሰጋቱራ ላይ ሲንከባለል ስለምናውቀው ከጀርባው «ልጅየው» እንለዋለን። ክፉ ሰው አይደለም። ችግሩ እንጨት ነው። ወፍራምና ደረቅ እንጨት መምጣት ካቆመ ቆይቷል፤ የሚመጣው ስስ ጣውላ ነው። መጋዘን ውስጥ ከአባቱ ጊዜ የቀረ አንድ ወፍራም ግንድ ብቻ ነበር። አራት እግር ይወጣዋል፣ አምስተኛ የለውም።

በዚህ ግንድ ጠረጴዛ ያዘዘችው አንዲት ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ስድስት ወንድምና እህት አሏት፤ ሁሉም ሸምግለዋል፣ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ልታስቀምጣቸው ፈለገች። «እግሩ ወፍራም ይሁን፣ መልኩም ያማረ ይሁን። ከክፍሉ መሀል ነው የሚቆመው፣ በሁሉም በኩል ይታያል» ብላ ቀን ቆርጣ ሄደች።

ልጅየው ሁለታችንንም ጠራንና ነገሩን አፈረጠው። «ይህ ግንድ ካለቀ ሌላ የለም። ከዚህ በኋላ በማሽን የተሠራ፣ ቀለሙን የጨረሰ እግር አለ፤ እሱን አስመጣለሁ። የአባባን ጠረጴዛ አንስቼ ቦታውን ለዕቃ አደርገዋለሁ።» አባባ የሚለው ባለ እግሩን ነው፤ ቀለሙን የጨረሰ ሲል ደግሞ ወደ እኔ አየት አደረገ። ዛሬ እግሩ ተቀብቶ ከመጣ ነገ ሌላውም ይመጣል፤ የሱ ጠረጴዛ ከተነሳ የኔም መጋረጃ ይነሳል ማለት ነው። በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል፣ እናቴን ይዤ የት እገባለሁ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ወረረኝ።

«ስስ ጣውላውን በኮላ ብንደርበውስ?» አለ ባለ እግሩ።

«አባባ፣ የኮላው መስመር ይታያል። መስመር የሚታይበትን እግር ማን ይፈልገዋል? የማይታይ አድርገው ካመጡልኝ ጠረጴዛዎ የትም አይሄድም» አለ ልጅየው፣ ቀልድ አስመስሎ።

ሦስቱ እግሮች አምረው ወጡ። እንዲያ ያለ እግር እጄ ገብቶ አያውቅም፤ ቫርኒሹ ገና ሲነካቸው መስመራቸው ቦግ ይላል። ጉድ የፈላው አራተኛው ላይ ነው። በአንዱ ጎኑ ወደ ታች ቅርንጫፍ የበቀለበት ጥቁር አንጓ ነበረው። እንደ ደንቡ ይህ ችግር አይደለም፤ ያ ጎን ወደ ውስጥ ይዞርና ሲቀጥን አንጓው ከነሥሩ ተልጎ ይወጣል። ባለ እግሩም በጥፍሩ ለይቶ፣ ክቧን እኔው አጠገቡ ቆሜ አድርጓታል።

የሚያቀጥንበት ዕለት፣ ጎህ ሲቀድ፣ እናቴ ከአልጋ ወደቀች። እናቴ አልጋ ላይ ከዋለች ሦስት ዓመቷ ነው። ብቻዬን አንስቼ፣ አጥቤ፣ ልብሷን ቀይሬ፣ ለጎረቤት አደራ ብዬ፣ ሁለት አውቶቡስ ተሳፍሬ ስደርስ ቆሜ ነበር የምተኛው። ባለ እግሩ እንጨቱን አናቱን ወደ ላይ አድርጎ በሞርሳ አስሮታል። «ክቧ የት ጋ ናት?» አለኝ። ከጠረጴዛው ማዶ፣ ፊት ለፊቱ ቆሜ አየሁና «ወዳንተ፣ በቀኝ በኩል» አልኩት። ዞሬ ወደ ቫርኒሼ ተመለስኩ።

የኔን ቀኝ ነበር ያልኩት።

ሌላ ጊዜ ዞሬ አጠገቡ እቆማለሁ። ሌላ ጊዜ እጁን ይዤ ማዕዘኑ ላይ አሳርፍለታለሁ። ያን ቀን አላደረግሁትም። እሱም ሌላ ጊዜ አንዴ በጥፍሩ ሳያረጋግጥ መጋዝ አያነሳም፤ ያን ቀን ዝም ብሎ አነሳ። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። አምኖኝ ነው።

በቀዳዳው ቀና ብዬ ሳይ መጋዙ ሥራውን ጨርሷል፣ መላጊያውም እየተከተለው ነው። ያማረው ጎን ተበልቶ ፍቅፋቂው ከባለ እግሩ ጫማ ሥር ተከምሯል። አንጓው ደግሞ ወደ ውጭ ዞሮ፣ ጥቁር ሆኖ አፍጦብኛል። «ጋሼ» ብቻ አልኩ። ከድምፄ ገባው። መላጊያውን አስቀመጠና በአውራ ጣቱ ጎኑን ወደ ታች ዳበሰ፤ አንጓው ላይ ሲደርስ ቆመ። «እህ» አለ።

እንደ ዕድላችን ሆኖ ልጅየው የገባው በዚያው ሰዓት ነው። አንዴ እንጨቱን፣ አንዴ እኛን አየ። «ማነው ይህን ያደረገው?» አለ።

«እኔ ነኝ፣ እኔ...» ብዬ ጀመርኩ። ባለ እግሩ በላዬ ላይ ተናገረ። በዚያ ሁሉ ዓመት ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም። «ዓይኔ አያይም» አለ። «አራት ዓመት ሆነው። የማየው ጥላ ጥላውን ነው። ማንም አያውቅም፣ እሷም አታውቅም።»

የመጋዙም የመዶሻውም ድምፅ ቆመ። ልጅየው ፊት ላይ ንዴት አልነበረም፣ ድንጋጤ እንጂ። «አራት ዓመት በመጋዝ? አባባ፣ ጣትዎን ቢቆርጥዎትስ ኖሮ?» አለ። ባለ እግሩ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ አሳየው። «ቁጠራቸው፣ አሥር ናቸው» አለ።

ልጅየው የባለ እግሩን ሴት ልጅ በስልክ አስጠራለት። መጣች፣ ክንዱን ይዛ ወሰደችው። ዕቃውን በጆንያ ሲጠቀልሉለት አንዷን መላጊያ ብቻ ከውስጥ አወጣና «ይቺ እዚህ ትቆይ» ብሎ ጠረጴዛው ላይ ተዋት። እኔስ ምን አደረግሁ? ምንም። እናቴ ታሰበችኝ፣ መጋረጃዬ ታሰበኝ፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። በኔ ጥፋት አርባ አንድ ዓመቱን ጠቅልሎ ሲወጣ ቆሜ አየሁት። ይህን ስናገር ዛሬም አፍራለሁ።

ሁለት ቀን እህል አልወርድ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ሴት ልጁ ቤት ሄድኩ። እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የጫማውን ክር አጥብቆ አስሮ፣ ሥራ የሚሄድ መስሎ። አንጀቴን በላው። «ጋሼ፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «ፊት ለፊቴ ቆመሽ ነበር፤ ድምፅሽ ከየት እንደመጣ ሰምቻለሁ። ቀኝሽ ግራዬ መሆኑን ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ሁሉንም ባንተ ላይ አደረግኸው?»

«አንቺም ብትወጪ ማን ይቀራል?» አለ ቆጣ ብሎ። ከዚያ ሥራ ቦታ ያለን ይመስል «ይልቅ ስሚኝ» አለና ወደ ፊት ጎንበስ አለ። «የተበላሸውን እግር እንዳትጥዪው። ዙሪያውን እኩል ላጊውና መሀሉን አጥንት አድርጊው። መጀመሪያ አቅጥኚው፣ ከዚያ ነው አራቱንም ጎን ስስ እንጨት በኮላ የምታለብሺው። አልብሰሽ ካቀጠንሽው መላጊያው ልብሱን በልቶ አጥንቱን ያወጣብሻል። ልብሱን ከዚያው ከግንዱ ቁራጭ ሰንጥቂ፣ ባዳ እንጨት እንዳታስገቢ። መገናኛው ማዕዘኑ ላይ ይውደቅ። ማዕዘን ላይ መስመር የሚፈልግ ሰው የለም።»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ቀቢ ነኝ።»

«አራት ዓመት ምን እያደረግን ነበር ታዲያ?»

«ዓይኔን እየተበደርክ ነዋ» አልኩት። ከአፌ አመለጠኝ።

«እሱም ነበር» አለ። «መማርሽም ነበር። ያላወቅሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

በማግስቱ ልጅየው ዘንድ ገብቼ አራተኛውን እግር እኔ ልሥራው አልኩት። ሳቀ፤ ፊቴን ሲያይ ሳቁን ተወው። እሱስ ምን ምርጫ ነበረው፤ ሴትዮዋ ቀን ቆርጣለች፣ ግንዱ አልቋል። «እሺ እትዬ» አለኝ። «የኮላ መስመር ካየሁበት ግን እግር እዚህ ቤት አበቃ። ካላየሁ በቃሌ እቆማለሁ።»

አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። የቀቢነቱ ሥራ እንዳለ ነው፣ ማንም አልቀነሰልኝም፤ እግሩን የምሠራው በምሳ ሰዓትና ሰው ሲወጣ በምትተርፈኝ ጊዜ ነበር። መጀመሪያ ያለበስኩት ጎን ኮላው ሳይዝ ተንሸራቶ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተወብኝ። ልጬ ጣልኩት። ሁለተኛው ሲደርቅ ተንጋደደ። ቁራጩ እያለቀ ሲሄድ መተኛት ሁሉ አቃተኝ። ኮላ እጄ ላይ ደርቆ ቤት ስገባ እናቴ «ምን እየሠራሽ ነው እንዲህ የሆንሽው?» አለችኝ። «እግር» አልኳት። «ለኔ ከሆነ ሁለት ይበቃኛል» አለች። ሁለታችንም ሳቅን፤ እናቴ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከሞርሳው ፈታሁት። መስመሩ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ ወርዷል፣ ከሦስቱ ጋር ሳቆመው የአንድ እናት ልጆች ነው የሚመስሉት። ጥፍሬን ማዕዘኖቹ ላይ አስኬድኩ። ሦስቱ ንጹህ ናቸው። በአራተኛው ማዕዘን ግን፣ ከታች አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ ጥፍሬን ቀጭ አደረገኝ። ጸጉር የምታህል ክፍተት። ሌላ ቁራጭ የለም፣ ሌላ ቀን የለም። ቫርኒሽ ሞላሁበትና ዓይን ባያገኘው ብዬ ለፈጣሪዬ ሰጠሁት።

ጠረጴዛው ተገጣጥሞ ቆመ። ከእግሩ መርገጫ በኩል ቢታይ አጥንቱና ልብሱ ባንዴ ይለያሉ፤ ግን ያንን ጠረጴዛ ለመገልበጥ አራት ሰው ያስፈልጋል። ልጅየው የስልኩን መብራት ይዞ ዞረ። ዓይኑን አጨናበሰ፣ ራቅ አለ፣ ቀረብ አለ። አላወቀውም። ቢያውቀው ይሻለው ነበር መሰለኝ፤ እልህ ያዘው። «አባባን ጥሩልኝ» አለ። «የትኛው እንደሆነ እሳቸው በእጃቸው ይለዩታል። ከዚያ መስመሩን እኔ ፈልጌ አገኘዋለሁ።»

ወሽመጤ ተቆረጠ። ከሱ ጥፍር የሚያመልጥ የለም፤ በእንጨት ነገር ደግሞ ውሸት አያውቅም ብዬ አስብ ነበር።

ልጁ ይዛው ገባች። በሩ ላይ ቆሞ የቫርኒሹን ሽታ ሳብ አደረገና ክንዷን ለቀቀ፤ አሥር እርምጃ ብቻውን ተራምዶ ጠረጴዛው ጋ ደረሰ። ከመጀመሪያው እግር ጀመረ። ጥፍሩን ከአናት ወደ ታች፣ ማዕዘን በማዕዘን፣ ጎን በጎን። ሁለተኛው። ሦስተኛው። እኔ ዘንድ ሲደርስ፣ ማለቴ የኔው እግር ላይ ሲደርስ፣ በዓይኔ ጥፍሩን ተከተልኩ። ጥፍሩ ወረደ፤ ከታች አንድ ስንዝር ሲቀረው ቀጭ አለ። ሰምቼዋለሁ፤ ከኔ በቀር የሰማ ግን አልነበረም። ለዓይን ጥቅሻ ያህል ቆም አለና እስከ መጨረሻው ወረደ። ከዚያ ተነስቶ፣ ጠረጴዛውን ዞሮ፣ እጁን ሁለተኛው እግር ላይ አሳረፈ።

«ይቺ ናት» አለ።

የራሱ እግር ነው። ከግንዱ የወጣ፣ ኮላ የሚባል ያልነካው።

«እንዴት አወቁት?» አለ ልጅየው።

«የሷን እጅ አውቀዋለሁ። መስመር ግን አላገኘሁባትም። እስቲ አንተ ሞክር።»

ልጅየው አለቃ ከሆነ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰጋቱራው ላይ ተንበረከከ። መብራቱን አስጠግቶ ማዕዘኑን ሁሉ ፈተሸ፤ በጥፍሩ ሞከረ፣ በካርድ ጫፍ ሞከረ። «ይቺስ? ይቺ መስመር አይደለችም?» አለ አንድ ቦታ ላይ። «እሷ የዛፉ ናት፣ እግዜር ነው ያሰመራት» አለው ባለ እግሩ። ልጅየው ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ጉልበቱን እያራገፈ ተነሳና «በቃ፣ የአባባ ጠረጴዛ ይቆያል» አለ። «እትዬ፣ እጅሽ ይባረክ። ከነገ ጀምሮ እዚያ የምትቆሚው አንቺ ነሽ።» ሰው ሁሉ አጨበጨበልኝ። እኔ አንገቴን ሰበርኩ።

እስከ በሩ ድረስ እኔ ክንዱን ይዤ ሸኘሁት። «ምነው ጋሼ?» አልኩት።

«ከታች አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ጸጉር ታህላለች» አለ። «ሳይወስዱት ሰም አሙቀሽ አሺባት። ሲቀዘቅዝ ትዘጋለች።» ትንሽ ሄደና ቆመ። «የሚቀጥለው ግን እኔ ለልጅየው እንዳሳየሁት እግር ይሁን።»

ይኸው ነው ዕዳው። ልጅየው ያየው የሱን እግር ነው፣ ቃሉን የሰጠው ግን በኔ ስም። ከዚያ ወዲህ የምሠራው እግር ሁሉ ያንን መምሰል አለበት። በስስ ጣውላና በኮላ፣ ከግንድ የወጣውን መምሰል። ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። የቫርኒሹንም ሥራ አልተውኩትም፤ ማታ ቤት ስገባ እናቴን የማገላብጥበት ክንድ የለኝም።

አንድ ጠረጴዛ ባለቀ ቁጥር ከአራቱ እግሮች አንዱን፣ ቫርኒሽ ሳልቀባው፣ በጆንያ ጠቅልዬ አውቶቡስ ላይ ይዤ እሱ ዘንድ እሄዳለሁ። ሰው ያፈጥብኛል፤ አንዱ «ምን ይሆን እናቴ?» ሲለኝ «እግር ነው» ብዬው ቦታውን ለቀቀልኝ። ባለ እግሩ ወንበሩ ላይ ሆኖ ጭኑ ላይ ያጋድመውና ጥፍሩን ያስኬዳል። «እዚህ ጋ፣ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ» ይላል። አልሳተም፣ አንድም ቀን። ተናድጄ እመለሳለሁ፣ ከፍቼ እንደገና አጣብቃለሁ።

ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ይዤ ሄድኩ። ይህ ከታች ሳይሆን ከአናቱ ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ ክፍተት ነበረበት። ከመነሳቴ በፊት በራሴ ጥፍር አግኝቻታለሁ፤ ሰፊ ናት፣ ለማንም ትገኛለች። እሱ ጥፍሩን ከአናት ጀመረና በላይዋ ላይ አለፈ። እስከ ታች ወረደ። እንደገና ከአናት ጀመረ፣ እንደገና አለፋት። ከዚያ ፊቱ በራ፤ እንደዚያ ሲሆን አይቼው አላውቅም።

«የለም» አለ። «የለም እኮ። አገኘሻት።»

እጁን አየሁት። መላጊያ ከያዘ ዓመት ከመንፈቅ ያለፈው እጅ ነው። ጥፍሩ ወፍሯል፣ ጣቱም እንጨቱ ላይ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ዓይኑ በሄደ ጊዜ እጁ ነበረለት፤ አሁን እሱም እየሄደ ነው፣ ገና አላወቀም። ወይስ እንደ ያኔው አውቆ እያለፈልኝ ነው? አንዴ ጣቱን ይዤ እዚያች ቦታ ላይ ባሳርፈው እለየው ነበር። ልሞክረው ቃጣኝና ተውኩት። አንድ ጊዜ ፈትኜዋለሁ፣ ለዕድሜዬ ይበቃኛል።

«አንተ ካልክ እንግዲህ» አልኩት። ሻዬን እስክጨርስ እግሩን ጭኑ ላይ እንዳጋደመ ነበር። ከዚያ ተቀብዬው፣ በጆንያዬ ጠቅልዬ፣ ሁለት አውቶቡስ ተሳፍሬ ሥራ ቦታ ተመለስኩ። እሱ የተዋትን መላጊያ አነሳሁና ያቺን ማዕዘን ከፍቼ እንደገና ጀመርኩ።